የእቁብ ብር እና ዝቅ ያለ ኮርቻ

«ክሩዘር» ሲባል እኛ አገር ሰው ዐይን ላይ ድቅን የሚለው ባለአራት ጎማው ነው፤ ያው ላንድ ክሩዘር! ባለሁለት ጎማም አለላችሁ። ኮርቻው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ እግርን ወደፊት ዘርግተው የሚነዱት፣ ሲያዩት ሶፋ ላይ ጎማ የተገጠመበት የሚመስል ሞተር ሳይክል። እ.ኤ.አ. በ1903 የተቋቋመው የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ስሙን የተከለው በዚህ ዓይነቱ ነው። በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ደግሞ ከነፃነት ጋር አጋብቶት ስንቱን ጎረምሳ አስጎመዠ።

የሊሙ ገነቱ የእህቴ ልጅም የጎመዠው ይህንኑ ነው። ልጁ መምህር ነው። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው ወጥቶ፣ በቡናው መሃል አልፎ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ሰሞኑን እቁብ ወጣለት። «ጋሼ፣ ብሩ እጄ ላይ ነው፤ ይህቺን ልግዛ?» ብሎ ከስልኩ ላይ ሥዕል አሳየኝ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ማምረት የጀመረው «አቬንጀር» የሚባል ክሩዘር ነው። አንድ ደላላ ያገለገለ አገኝልሃለሁ ብሎታል።

ልብ በሉልኝ፤ «ብሩ እጄ ላይ ነው» ነው ያለኝ። እቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው እኮ ባለገንዘብ አይደለም፤ ባለዕዳ ነው። ገና ብዙ ወር ይጥላል። ስለዚህ «ስንት ብር አለህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። «እቁቡን ከጣልክ በኋላ ከደሞዝህ በየወሩ ምን ይተርፍሃል?» አልኩት። ሞተሩን የሚገዛው እቁቡ ነው፤ ቤንዚኑን፣ ዘይቱንና ጎማውን የምትችለው ግን ያቺ ትራፊ ናት። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ኮዳ የሚሸጠውን በሻጩ ዋጋ መግዛት አለ።

ቀጥሎ መንገዱን አነሳሁበት። ክሩዘር የተሠራው ለረጅምና ቀጥ ላለ አስፋልት ነው። ለጀማሪ መልካም ነገር የለውም አልልም፤ ኮርቻው ዝቅ ስለሚል ቆም ሲሉ ሁለቱም እግሮች መሬት ይረግጣሉ። ነገር ግን ሆዱም አብሮ ወደ መሬት ይጠጋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ መታጠፍም አይወድም። የሊሙ ቀይ አፈር ክረምት ላይ ሳሙና ነው። ጭቃው ጎማውና ጭቃ መከላከያው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ሆዱ ከፍ ያለ፣ ሲወድቅ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ሞተር ነው።

«ሲበላሽስ ማን ይሠራልሃል?» ሦስተኛው ጥያቄዬ ነበር። ገበያው ዳር ያለው መካኒክ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ቦክሰርና ቲቪኤስ ነው። የእነሱ ካንዴላና የፍሬን ሸራ እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ አለ። ብርቅ ሞተር ከሆነ ግን አንዲት የፍሪሲዮን ገመድ ስትበጠስ ጅማ፣ ጅማ ከጠፋ አዲስ አበባ ነው። ዕቃው እስኪመጣ መምህሩ በእግሩ!

ያገለገለ ስትገዛም ቀለሙን ተወው አልኩት። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድና ራስህ አስነሳው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ደላላው «ሊብሬው ነገ ይመጣል» ካለህ፣ ብሩም ነገ ይምጣ። ቡና ሲሸጥ ገዢ ይበዛል፤ ክረምት ላይ ደግሞ እጅ ያጠረው ሻጭ፤ መታገስ ከቻልክ ያኔ ተደራደር። መንጃ ፈቃዱን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድንና ሄልሜቱን ግን ከሞተሩ ዋጋ በፊት ከብሩ ላይ አንሳ።

እህቴ ይህን ሁሉ በዝምታ ስትሰማ ቆየችና፣ «እኔን ሐኪም ቤት ያደርሰኛል?» አለች። ስኳር አለባት፤ በየወሩ ቀጠሮ አላት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ቦክሰር እኮ የሥራ ሞተር ነው። ለራሴ ብዬ የምገዛው አንድ ነገር አይኑረኝ?» አለኝ።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን ገጠር ውስጥ ሞተር ሲባል የመሥሪያ ቤት ነበር፤ የግብርና ባለሙያው የሚነዳት፣ ሲዛወር ለተተኪው የሚያስረክባት። በስሙ ሊብሬ የሚይዝ ወጣት መምጣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ደሞዙ ከቤት ወጪ አልፎ የማያውቅ ልጅ አንድ የሚያምር ነገር ቢመኝ «ቅንጦት ነው» ብሎ አፉን ማስያዝ ግፍ ነው። ግን ዕዳውም፣ ጭቃውም፣ የእናቱ ቀጠሮም ምኞቱን አይጠብቁም። ይህንኑ ነገርኩት፤ ምርጫውን ለእሱ ተውኩለት።

ሁለት ሳምንት አስቦ ያገለገለ ቦክሰር ገዛ። በተረፈው ብር ሁለት ሄልሜት ገዛና የሁለት ወር እቁብ አስቀመጠ። እህቴ ሄልሜቱን ከሻሿ በላይ አጥልቃ ቀጠሮዋን ሄዳ መጣች። ልጁ ደግሞ ሞተሩን መካኒኩ ዘንድ ወስዶ መሪውን በሰፊ መሪ ሊያስቀይር መሆኑን በስልክ ነገረኝ። «ሥዕሉ ላይ እንዳለው» አለኝ እየሳቀ።

«ይሁን» አልኩት፤ «ፍሬኑን ብቻ አትንካብኝ።»