መብራት በጠፋ ሌሊት

በቦሌ ሩዋንዳ ከእኛ ጋር በአጥር የሚዋሰኑ አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በ2018 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፥ ለበዓሉ የታዘዛቸው ሊጥ ኩፍ ብሎ ሳለ መብራት ጠፋ። ምጣዳቸው የኤሌክትሪክ ነውና ግራ ገባቸው። እኛም ሊጡ እንዳይሆመጥጥ ብለን የጥንቱን የሸክላ ምጣዳችንን ከጓዳ አውጥተን፥ ፍልጥ ገዝተን፥ በጢስ ዓይናችን እያለቀሰ አብረን አነጋን፤ የታዘዘውን ግን ግማሹን እንኳ አላደረስንም።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ከደመወዛችን ቀንሰን ቦንድ የገዛን ሁሉ እጅግ ደስ ብሎን ነበር፤ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ነውና። ዳሩ ግን ዓባይ ጢም ብሎ ቢሞላም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ኃይሉ ከምጣዱ አይደርስም። ግድብ ይመረቃል፤ የመንደር ምሰሶን ማን መርቆ ያውቃል?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ዋጋ በየሦስት ወሩ፥ እስከ አራት ዓመት ድረስ፥ እንዲጨምር ተወስኗል። ገንዘቡ ያረጀውን ሽቦ የሚያድስ ከሆነ መክፈሉን አንጠላም። ነገር ግን እኒህ እናት ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፤ አንዱን ለቆጣሪው፥ አንዱን ለፍልጡ።

በማግስቱ መብራቱ ተመለሰ። የሸክላውን ምጣድ ልንወስድ ብንሄድ፥ «ለፋሲካ እዚሁ ይቆይልኝ» አሉን።