ሟቹ ማን ነው?

ተዋናይ ሲመረጥ ፈታኙ አንድ ወገን ብቻ ይመስላል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው አዘጋጅ ይጠይቃል፤ መድረኩ ላይ የቆመው ወጣት ይመልሳል። በጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ፣ በወገራ ገበሬዎች ላይ በክፉ ቀን ስለ ደረሰው መከራ ለተጻፈ ቴአትር ተዋንያን በተመረጡባቸው ቀናት ግን ፈተናው ፊቱን አዞረና ወደ ጽሑፉ መጣ።

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ዘመነ ረሀብ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በደምቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል ሆነ፤ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚሁ መካከል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የሚነገርለት የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። አራሹ በሬ ቢያጣ በዶማ ቆፈረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። እንግዲህ የዚያ ቴአትር ባለታሪክ ጀግና የጦር መሪ ሳይሆን በሬው የሞተበት ሰው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የመጡት ከሠላሳ ይበልጣሉ፤ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ በኪነት ቡድን ያደጉ ወጣቶች። ሁሉም ለማለት ይቻላል ፉከራና ቀረርቶ ይዘው መጡ። ጎንደሬ ይህን አያጣም፤ ድምፃቸውም አዳራሹን አናወጠው። ይሁን እንጂ የተራበ ሰው አይፎክርም። አዘጋጁ «እስቲ አሁን ገበሬ ሁን» ሲላቸው ደግሞ የባሰ መጣ። ወገባቸውን አጎበጡ፤ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ ድምፃቸውን እየጎተቱ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ተናገሩት። ተራ የሚጠብቁት በሳቅ ፈነዱ። ይህ ከተማ ገብቶ መንገድ በሚጠፋው ሰው ላይ ስንሳሳቅ ያሳደግነው የመድረክ ባላገር ነው። ከሳቁት መካከል ግን አባታቸው በዳባት ወይም በበለሳ ሞፈር ጨብጠው ያሳደጓቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአየርላንድ ገበሬም በለንደን መድረኮች ላይ ለረጅም ዘመን የሚንገዳገድ ሰካራምና ለፍላፊ ሞኝ ሆኖ ሲያሥቅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1904 በደብሊን የተከፈተው የአቢ ቴአትር ይህን የተዛባ ሥዕል ለማፍረስ ሲነሣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያኑ ብዙዎቹ ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። ደራሲው ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ ከ1898 ጀምሮ ወደ አራን ደሴቶች እየተመላለሰ የዓሣ አጥማጆቹን አነጋገርና ለቅሶ አደመጠ። «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» በተባለው አጭር ተውኔቱ አንዲት አሮጊት እናት ባሕር የበላባትን ወንዶች በየስማቸው ትቆጥራለች። ሌላው ሥራው በ1907 ሲታይ ግን ተመልካቹ «ባላገሩን ሰደብክ» ብሎ አዳራሹን በሁከት ሞላው። በማንኛውም አገር ገበሬን መድረክ ላይ ማውጣት የዋዛ ነገር አይደለም።

በሁለተኛው ቀን አዘጋጁ ንግግርን ጨርሶ ከለከለ። ከገጠር ቀንበር ከነምራኑ አስመጣና ከመድረኩ መካከል አኖረው። «ዛሬ ጧት አንዱ በሬህ ሞቷል። ቀንበሩን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ።» ትእዛዙ ይህ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ቀንበሩን ወርውረው ደረታቸውን ደቁ። አንደኛው ተንበርክኮ ወደ ሰማይ ጮኸ። አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ግን ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ገባ፤ የሚሰቅልበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገ፤ ቀስ ብሎ ከግድግዳው አስደገፈው። ከዚያም ምራኑን ፈታና ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ ከተተው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ፣

«ቆዳ ነው፤ ይቀቀላል» አለ።

የዋናው ገጸ ባሕርይ ምርጫ በዚህ አበቃ።

የቀረው የተውኔቱ ዐቢይ ትዕይንት ነበር፤ ሰባት ሰዎች በአንድ ቀን የሚለቀሱበት። ስምንት ወጣት ሴቶች ለዚህ ቀርበው ስለ ነበር፣ ለቅሶውን ያሳዩአቸው ዘንድ በደባርቅ በኩል በሙሾ አውራጅነታቸው የሚታወቁ አንዲት እናት በሦስተኛው ቀን ተጋበዙ። እኒህ እናት መድረኩን አልወጡም። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠየቁ።

«ሟቹ ማን ነው?»

«አንድ ገበሬ ነው፣ እማማ።»

«ስም የለው?»

አዘጋጁ ጽሑፉን ገለጠ። «አንደኛ ሟች፣ ሁለተኛ ሟች» እያለ እስከ ሰባት ይሄዳል። ስም የለም።

ሙሾ በአዳራሽ እንደሚታሰበው ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። አውራጇ የሟቹን ስም፣ አባቱን፣ አገሩን፣ ያረሰውን መሬት፣ ጠባዩን፣ ትቷቸው የሄደውን ልጆች ታውቃለች፤ በዚያ ላይ ግጥሙን እዚያው ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ተቀብሎ ደረቱን ይመታል። የሚገጠምበት ሰው ከሌለ የሚወርድ ነገር የለም። አዘጋጁ አፍሮ አንድ ስም ከአፉ አወጣ። ሴትዮዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሌለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፣ ልጄ። ለመሆኑ በምን ዘመን ነው የሞቱት?»

«በክፉ ቀን።»

«በክፉ ቀንማ መቼ ተለቀሰ?» አሉ። «ከአያቴ እንደ ሰማሁት ቀባሪ እንኳ የታለና!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የተውኔቱ ሰሌዳና ልብስ የታሰበው በዚያ ትዕይንት ላይ ተመሥርቶ ነበር። አዘጋጁም ተመልካች ለቅሶውን እንደሚጠብቅ፣ ያለዚያ መድረኩ እንደሚቀዘቅዝ በትሕትና ተከራከረ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ቴአትር የሚቆመው በተመልካች ነውና። ነገር ግን ሟቾቹን በቁጥር ብቻ የሚያውቅ ጽሑፍ በስንት ድምፅ ቢያስለቅስ ለማን እንደሚያስለቅስ አያውቅም። የመድረኩ ባላገር መጎበጥና የሟቾቹ ስም ማጣት ምንጫቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሰውየውን ከሩቅ አይቶ ከመጻፍ ይመጣሉ።

በዚያች ሌሊት ለሰባቱም ስም ወጣላቸው። ሙሾው ተሠረዘ። በማግስቱ ስምንቱ ወጣቶች በየተራ ተጠሩ፤ የታዘዙትም በሰባት የተሸፈኑ አስከሬኖች መካከል ለማልቀስ አቅም ያጣች ሴት ሆነው ስማቸውን ብቻ እንዲጠሩ ነበር። ስድስቱ ድምፃቸውን አንቀጠቀጡ። ሰባተኛዋ፣ ቀጠን ያለች የቢሮ ጸሐፊ፣ እንጀራ የሚቆጥር ሰው በሚመስል ደረቅ ድምፅ ጠራቻቸው፤ በአራተኛው ላይ ትንሽ ቆም ብላ ቀጠለች። አዘጋጁ ስምንተኛዋን ለመጥራት ሲዘገይ፣ ከፊት ወንበር የነበሩት እናት ቀና አሉ።

«አምስተኛው የማን ልጅ ነው?»

አዘጋጁ እርሳሱን ይፈልግ ጀመር።