ምዕራፍ ሁለት ከፍቅረኛዬ ሊያጣላኝ ነበር!

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ፍቅረኛዬ ግን የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሁለት ጻፍልኛ!» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴ ተነፋ! በትምህርት ከእሷ ማነሴ ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ርዕሷ የአዲስ አበባ እድር ነው። ምዕራፍ ሁለት ደግሞ ክለሳ ድርሳናት የሚሉት፣ ሌሎች ቀደም ብለው ያጠኑት የሚመረመርበት ነው። እኔ ምን አደረግሁ? «እገሌ እንዲህ አለ፤ እገሊት እንዲህ አለች» እያልኩ አሥራ አምስት ገጽ ደረደርኩላት።

አማካሪዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ «እነዚህ ሰዎች የማይስማሙት በምን ላይ ነው?» ምን ትመልስ? አላነበበችውማ! አልቅሳ ወጣች። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ፤ እኔም አኮረፍኩ። ጥፋቱ ግን የሁለታችንም ነበር። እሷ አቋራጭ ፈለገች፤ እኔ የተማረ መምሰል።

ስንታረቅ አንድ ትልቅ ወረቀት አሰመርን። ማን ጻፈው? መቼ? ማንን ጠይቆ? ምን ላይ ደረሰ? እሷ እያነበበች ትሞላለች፤ እኔ «ታዲያ ይሄኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?» እያልኩ እነዘንዛታለሁ። ያኔ ነገሩ ተገለጠልን! አንዱ የእድርን አጀማመር ወደ ከተማ ከፈለሱ ጉራጌዎች ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው ከጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ጋር። ለካ ክርክር ኖሯል! «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ መረዳጃ ማኅበራት የጻፉት ሰዎች ደግሞ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር አያውቁም። ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ሲበተን እድሩ ምን ይሆናል? ከሰበሰበቻቸው ጽሑፎች መካከል ይህን በደንብ የነካ አጣች። የራሷን ጥያቄ ያገኘችው እዚያ ላይ ነው።

እናንተም ምዕራፍ ሁለት ላይ የተቀመጣችሁ፣ ያነበባችሁትን በጸሐፊዎቹ ስም ተራ ሳይሆን በሐሳብ ቧድኑት። የሚስማሙትን አንድ ላይ፣ የሚጣሉትን ፊት ለፊት አቁሙና ያልተነካውን ፈልጉ። ፍቅረኛ ያላችሁ ደግሞ ይጠይቃችሁ እንጂ አይጻፍላችሁ!

እኔማ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ለመማር መመዝገቢያው መቼ እንደሆነ እያጠያየቅኩ ነው።