ወደ ጎን ያዘው

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሸደር ላይ ውኃ ማለት ጄሪካን፣ በርሜልና የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ቢርካ ነው። ባለፈው ኅዳር ልጄ ከጅቡቲ ደውሎ «አባዬ፣ ውኃ ውስጥ ፍላሽ እንዴት ነው የሚስተካከለው?» ሲለኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። እስከዚያ ቀን ሲደውል ለእኔ የሚለኝ «እማዬን አቅርብልኝ» ብቻ ነበር።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ጉርድ ፎቶና ሠርግ። በ2000 ዓ.ም. የስደተኞች መጠለያው እዚህ ሲከፈት ሥራውም ሰፋ። ችግራችን አቧራ ነው። ማታ ሠርግ ላይ ካሜራው አናት ላይ በተሰካ ፍላሽ ካነሳችሁ ሙሽራዋ ፊት ላይ ነጭ ነጥብ ይበተናል። ከሌንሱ ፊት ያለው አቧራ ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጨው ነው። መፍትሔው ፍላሹን ነቅሎ ከጎን ማስያዝ ነው። የሚይዘው ደግሞ ልጄ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ፣ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬለት።

«አባዬ፣ እጄ ደከመ» ይላል።

«ወደ ጎን ያዘው!» እላለሁ፣ በእንግዳ ፊት። አንድ ሌሊት ከእጁ ወደቀና ተሰበረ። ያን ለት ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ጅቡቲ ውስጥ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ቱሪስት በሚያወጣ ጀልባ ይሠራል። በብርድ ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው የዓሣ ሁሉ ግዙፍ ወደዚያ ይመጣል። አንድ እንግዳ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ውኃ ከማያስገባ ሣጥኑና ከውጪ ፍላሹ ጋር ሰጥቶት ሄደ። የላከልኝ ፎቶ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ በረዶ የዘነበበትም ይመስላል።

ሰማያዊው አላስቸገረኝም። ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፤ ጥቂት ሜትር ስትጠልቁ ቀይ ነገር ግራጫ ይሆናል። ፍላሽ ቀለሙን ይመልሰዋል፤ ነገር ግን የራሱ ብርሃንም ውኃውን አቋርጦ ሄዶ ስለሚመለስ ከአንድ ሜትር በላይ መራቅ አያዋጣም። በረዶውን ሳየው ግን አወቅሁት። የሸደር አቧራ ነው! ውኃ ውስጥ ስሙ ደለል ቢሆንም ጠባዩ አንድ ነው። ጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሹፌርም ያውቀዋል።

ማታ ክፍሉን አጨልሜ፣ አንድ ማሰሮ ብርጭቆ ውኃ ሞልቼ፣ ጭብጥ አፈር በተንኩበትና ከጀርባው ሲኒ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ባትሪውን ከግንባሬ አጠገብ ስታበራ ነጭ ጉም ብቻ ታየኝ። «ወደ ጎን!» አልኳት።

«አትጩህብኝ፤ ልጁንም እንዲህ ነው ያባረርከው» አለችና ባትሪውን ወደ ጎን ወሰደችው። ሲኒው ወለል ብሎ ታየ።

በማግስቱ በድምፅ መልእክት ላክሁለት፤ ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ቀድቼ። የውጪውን ፍላሽ ክንዱን ዘርግተህ ከካሜራው አርቀው፤ ፊቱንም ትንሽ ወደ ውጭ አዙረው፣ የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ዓሣውን ይንካ። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ የውጪውን ለመቀስቀስ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ወደ ፊት እንዳይወጣ ጋርደው። ከመግጠምህ በፊት የሣጥኑን የጎማ ቀለበት በጣትህ ዳስስ፤ አንዲት ፀጉር ካለችበት ውኃ ይገባል።

«የውጪው ይበራል፣ ፎቶው ግን ጨለማ ነው» ብሎ መለሰ። ይህንንም ከስቱዲዮ አውቀዋለሁ። ካሜራው ብርሃን ለመለካት አስቀድሞ አንዴ ብልጭ ይላል፤ የውጪው ያንን ተከትሎ ይተኩስና ለዋናው አይደርስም። የካሜራውን ፍላሽ ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል አዙረው አልኩት።

ለዌል ሻርኩ ግን ፍላሽ አያበራም፤ እንስሳውን እንዳይረብሽ ነው። ይህንን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ አንድ ፎቶ መጣ። ኮራል ሥር የተደበቀች ትንሽ ዓሣ፣ ቀይዋ ቀይ ሆና። ባለቤቴ ለጎረቤት ልታሳይ ስልኬን ነጥቃኝ ወጣች። ሲመለስልኝ አተኩሬ አየሁት፤ ግራ ጥግ ላይ ሦስት ነጭ ነጥቦች አሉ።

«ጎበዝ። ግራውን ትንሽ ወደ ጎን» ብዬ ጻፍኩለት።

«እጄ ደከመ አባዬ» ብሎ መለሰልኝ።