ሰማይ ላይ የሚጠጣ ቡና ለምን አይጥምም?

ማታ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሽበት አይጠፋም። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናቶችና የልጅ ልጅ ሊያዩ የሚሄዱ አባቶች ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ራት ከተነሳ በኋላ የአስተናጋጆቹ ጋሪ በጠባቡ መተላለፊያ ይመጣል። “ቡና ይሁን ሻይ?” ቡና ያሉት አንዴ ፉት ይሉና ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ያስቀምጡታል። “ይኼማ እጣቢ ነው” የሚልም አይጠፋም።

ብዙ ሰው በከፍታው ያሳብባል። ከፍ ባልን ቁጥር ውኃ ሙቀቱ ሳይበረታ ስለሚፈላ ቡናው በደንብ አይወጣም ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ለእኛ ግን ብዙም አይሠራም። አውሮፕላኑ በ11 ሺሕ ሜትር ገደማ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር ታምቆ ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል እንዲሆን ይደረጋል። አዲስ አበባ ራሷ ያለችው 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በሁለቱም ቦታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ደግሞ የውስጥ አየሩ የ1,800 ሜትር ያህል ነው። የጉለሌ እናት በድሪምላይነር ስትሳፈር፣ በአየሩ ግፊት ወደ ሐዋሳ የወረደች ያህል ነው። ጥፋቱ የከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ የጉለሌ ቡናም ባልጠመ ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋተኛ ድርቀት ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። አፍንጫና ምላስ ይደርቃሉ። የቡና ጣዕም በአብዛኛው የሚታወቀው በሽታው ነውና፣ አፍንጫ ሲደርቅ የሚቀረው መራራነቱ ብቻ ነው። ቤታችን ቡናው ገና ሲቆላ ጭሱን ስበን ግማሹን ጠጥተነዋል። አውሮፕላን ላይ ግን እሳትም ጭስም ክልክል ነው። የተፈጨ ቡና ከታሸገበት ይወጣና በማሽን ይፈላል፤ ወይም በሙቅ ውኃ ይበጠበጣል።

ሁለተኛው የሞተሩ ጩኸት ነው። ከፍተኛ ድምፅ የጣፋጭን ስሜት እንደሚያደበዝዝ በጥናት ታይቷል። በዚህ ምክንያት ሁለት ስኳር የለመደ ሰው ሦስትና አራት ጨምሮም “አልጣፈጠኝም” ይላል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ይህንን ልብ ይበሉ፤ የደበዘዘው ምላሳቸው እንጂ ስኳሩ አይደለም።

ሻዩስ? እኛ ሻይ የምናፈላው ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አንተክትከን ነው። እዚያ ከረጢቱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከርና በዚያው ይቀርባል። የሚቀጥነውም ለዚህ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ኩባያውን ከድኖ አራትና አምስት ደቂቃ መታገሥ። ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ኩባያው ውስጥ ጣል ማድረግም ሻዩን የቤት ያስመስለዋል።

ስለ ውኃውም ጥቂት እንበል። ትኩስ መጠጥ የሚዘጋጀው ብዙ ጊዜ በአውሮፕላኑ ታንከር ውስጥ ካለው ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአውሮፕላኖችን ውኃ ሲመረምር፣ ከመቶው በ15ቱ ገደማ የብክለት ምልክት የሆኑ ባክቴሪያዎችን አገኘ። ከዚያ በኋላ በ2009 የአሜሪካ አየር መንገዶች ታንከራቸውን በየጊዜው እንዲያጸዱና ውኃውን እንዲያስመረምሩ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በደንብ የፈላ ውኃ ብዙም አያሰጋም። ለጥም ግን ከታሸገ ጠርሙስ የተቀዳ ውኃ መጠየቅ ይሻላል፤ ሰውነታቸው በሕመም ለደከመ ሰዎች ደግሞ የበለጠ።

ከጣዕሙ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብዙ አዛውንቶች “ሽንት ቤት አበዛለሁ፤ ሰው አስነሳለሁ” ብለው ከግማሽ ቀን በላይ በሚፈጅ በረራ ምንም ሳይጠጡ ይቀመጣሉ። ቡና በቀን ሦስቴ የለመደ ሰው ድንገት ሲያጣው ራሱን ያመዋል። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደግሞ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ለሽንት መነሳቱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ እግር ያፍታታል። አንድ ስኒ ቡና፣ በላዩ ደግሞ ደጋግሞ ውኃ። ቡናው ባይጥምም ራስ ምታቱን ያስታግሳል።

በውጭ አየር መንገድ ወይም በሌላ አገር አውሮፕላን ቀይረው ለሚሄዱ ወላጆች ቋንቋውም ሌላ እንቅፋት ነው። የሚሉት ጠፍቷቸው ጋሪው ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ልጆች ሆይ፣ ሻንጣ ስታሰናዱ አንድ ትንሽ ካርድ ጨምሩ። በአንድ በኩል በአማርኛ “ቡና፣ ሻይ፣ ሙቅ ውኃ፣ የታሸገ ውኃ፣ ስኳር አልፈልግም” ብላችሁ ጻፉ፤ ትይዩውን ደግሞ በእንግሊዝኛ። ማንበብ ለማይችሉት ሥዕል ይበቃል። እማማ በጣታቸው ያመለክታሉ፤ አስተናጋጇም ታመጣላቸዋለች።