የልጄ ደብተር

በጦር ሠፈር የኖረ ሰው ትእዛዝ መስጠትን ቶሎ ይለምዳል፤ ይቅርታ መጠየቅን ግን ዘግይቶ ነው የሚማረው። እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት በመገናኛ ክፍል ራዲዮ ስጠግን በኖርሁባቸው ዓመታት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ከቤተሰቤ ጋር በካምፓላ፣ በናኪቩቦ አካባቢ ስኖር፣ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው።

በናኪቩቦ የከተማዋን ጎርፍ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚያወርድ ትልቅ ቦይ ያልፋል፤ የኦዊኖ ገበያም በዚያው ነው። አንድ ቀን በዚያ ሠፈር ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ኮምፓክ ፖርተብል ገዝቼ ገባሁ። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ «ተንቀሳቃሽ» ይባል እንጂ 13 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ተዘግቶ ሲታይም የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ይመስላል።

ማብሪያውን ብጫነው ማራገቢያው አንድ ጊዜ ተነቃንቆ ቆመ። በእርጅና የተበላሹ ኮንደንሰሮች ሾርት ሲያደርጉ ኃይል ሰጪው ክፍል ራሱን ያጠፋልና፣ አሮጌዎቹን ሁሉ ለመለወጥ ቆረጥሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ አምፖል ይዞልኝ፣ እያንዳንዱ ኮንደንሰር ከመነቀሉ በፊት ቦታውንና አቅጣጫውን በትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ ሣለ። እኔም አዲሶቹን በየየዳሁ፣ ፈተሽሁ፣ አበራሁ። ማራገቢያው እንደ ቀድሞው ተነቃንቆ ቆመ።

ያን ጊዜ በልጄ ላይ ጮህሁበት። «ዕቃውን ያደባለቅኸው አንተ ነህ!» አልሁት። አንድም ቃል ሳይመልስ ወጣ። ባለቤቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ልጁን ከመቆጣትህ በፊት ደብተሩን አይተኸዋል?» አለችኝ።

በእርግጥ አይቼው ነበር። በአንድ ቦታ ላይ የኮንደንሰሩን ፖዘቲቭ እግር ወደ ግራውንድ አዙሮ ስለሣለው፣ ልጅ ነው ተሳስቷል ብዬ በራሴ ግምት ገልብጬ በይጄው ነበር። ሶኬቱን ነቀልሁ፤ የምስል ቱቦው ከጠፋም በኋላ አደገኛ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ወደዚያ ሳልጠጋ፣ መስመሩን በቴስተር ተከተልሁ። ያ ቦታ የኔጋቲቭ 12 ቮልት መስመር ነበር። በፖዘቲቭ መስመር ላይ የኮንደንሰሩ ፖዘቲቭ እግር ከመስመሩ ይያያዛል፤ በኔጋቲቭ መስመር ላይ ግን ከግራውንድ ጋር ነው የሚያያዘው። ልጄ ያየውን ሣለ፤ እኔ ግን ዐውቃለሁ ብዬ ሳላይ ቀረሁ።

ተገልብጦ ኃይል የተላከበት ኮንደንሰር ዳግመኛ አይታመንምና፣ አዙሬ ከመበየድ ይልቅ በሌላ አዲስ ለወጥሁት። ከማብራቴ በፊት ግን ልጄን ጠራሁት፤ በእናቱ ፊት፣ «ደብተርህ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ከዚያ ማብሪያውን እርሱ እንዲጫን አደረግሁ። ማራገቢያው ዞረ፤ አረንጓዴው ጽሑፍም በመስተዋቱ ላይ ቀስ ብሎ ታየ።

ከሁለቱ የዲስክ ማንበቢያዎች አንደኛው ዛሬም አይሠራም። ግድ የለም። ባልንጀሮቼ ሆይ፣ ከግዳጅ ተመልሳችሁ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ፍተሻውን ከገዛ እጃችሁ ሥራ ጀምሩ፤ ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊትም ደብተሩን እዩ።