በሬ የሚፈታበት ሰዓት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ሰውና ሰው ሲገናኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ጊዜ የለኝም» ይባባላል። ይህንም ቃል የሚናገረው እንደ ተቸገረ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳይሆን እንደ ተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ስለ ዕረፍት ልጽፍልህ መነሣቴም ዐውቅበት ስለ ነበር አይደለም፤ ባለማወቄ ሁለት ጊዜ ስለ በደልኩ ነው፤ አንድ ጊዜ በሬ፣ አንድ ጊዜ ሰው።

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ በገበሬ ቤት ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሰኔ ወር፣ አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ ጥማዱን ለእኔ ተወልኝ። የነገረኝም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፀሐይ አናትህ ላይ ስትደርስ ፍታቸው» አለኝ። እኔ ግን ማሳውን ጨርሼ ላስደንቀው አስቤ ነበርና እኩለ ቀን ሲሆን አልፈታሁም። ቦራ የምንለው ቀኝ በሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማለክለክ ጀመረ። ጅራፌን አጮህሁበት። ትልሙ እየተጣመመ መሄዱን አይቻለሁ፤ ዳሩ ግን ዕርፉን የያዘው የገዛ እጄ መዛሉን አላሰብሁም፤ ጥፋቱን ሁሉ በበሬው ላይ አደረግሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቦራ ትልሙ ላይ ተኛ። ሊነሣ ሲፍጨረጨርም ሞፈሩ ተሰበረ።

አባቴ በማግስቱ ተመለሰ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ አልመታኝም። የበሬውን አንገት እየዳሰሰ «ልጄ፣ በሬ አፍ የለውም፤ ፀሐይን የምንጠይቀው ስለዚህ ነው» አለኝ። ቦራ ዐሥራ አንድ ቀን ቀንበር ሳይነካው ከረመ፤ የእኛም ማሳ ከጎረቤቱ ሁሉ ዘግይቶ ተዘራ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የምሰማውን ተረት ያን ጊዜ በገዛ ቤታችን አየሁት።

አባቴ የተናገረውን ግን በደንብ የተረዳሁት በጎልማሳነቴ ነው። የአገራችን ገበሬ ዕረፍቱን የሚያገኘው ሲደክመው ሳይሆን ሰዓቱና ቀኑ ሲደርስ ነው። ሰንበት አለው፤ በየወሩም በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያለ ሞፈሩን ይሰቅላል። በዓሉ በዛ ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ ነቀፋቸው ጭራሽ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ጥበብ አለ፤ ይኸውም የደከመ ሰው መድከሙን አያውቅምና ዕረፍቱን ለራሱ ፍርድ አለመተው ነው። ኦሪትም የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያ፣ በሰባተኛው ዓመትም ለመሬቷ ሳይቀር አዝዛለች። እነዚህ ሁሉ ደከመን ብለው የማይናገሩ ናቸው። ሰውም በሥራ ሲሰክር ከእነርሱ እንደ አንዱ ይሆናል።

ተምሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በአንድ ድርጅትም የሒሳብ ሹም ሆንሁ። ሰኔ ለገበሬ የጭንቅ ወር እንደ ሆነ ሁሉ ለሒሳብ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታልና። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት አልተኛሁም። ቢሮ ውስጥ ቡና በቡና ላይ እየጠጣሁ፣ ቤት ስገባም ስልኬን በራስጌዬ አድርጌ እሠራ ነበር፤ ይህንም ለሰው ሁሉ እየነገርሁ እኮራበት ነበር። በመጨረሻ ሒሳቡ ሲደመር ካዝናው 18,000 ብር ጎደለ።

ገንዘብ ያዣችን ሁለት ልጆች የምታሳድግ ወጣት ሴት ነበረች። «ጋሼ፣ ነገ ጧት በደኅና ዐይን አብረን ብናየውስ?» አለችኝ። እኔም «ጊዜ የለኝም» አልኋት፤ ጉድለቱንም ጽፌ ለአለቃ አቀረብሁ። ካዝናው ታሸገ፤ እርሷም ከሥራ ታገደች።

በአራተኛው ቀን ራሴን አሞኝ ወደቅሁ። እሑድ ነበርና ከጧት እስከ ማታ፣ ከማታም እስከ ንጋት ተኛሁ። ሰኞ መዝገቡን ስከፍት 18,000 የሚለውን ቁጥር ልክ አዲስ እንዳየሁት ሆኖ ተሰማኝ። የሒሳብ ሰው የሚያውቀው አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው እንደ ሆነ መጠርጠር ነው። 18,000 ለ9 ሲካፈል 2,000 ይሆናል። ይህን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔ ራሴ ነበርሁ! ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አገኘሁት። ደረሰኙ 46,300 ብር ይላል፤ መዝገቡ ላይ በእኔ እጅ ጽሕፈት 64,300 ተብሏል። ከካዝናው አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ትልሙ የተጣመመው በእኔ እጅ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ሳይቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ሳነብ የአባቴን ነገር በሌላ ቋንቋ የሰማሁ መሰለኝ። ዕለት ሠርቶ ዕለት ለሚበላ ሰው «ዕረፍ» ብዬ ልሰብክ ግን አፍ የለኝም፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው መፍታት እየቻለ የማይፈታውን፣ ይልቁንም ሌላውን የሚነዳውን ነው። ደግሞም ሰነፍ ወዳጄ በዚህ እንዳይመካ፤ ያልጠመደ ሰው ስለ መፍታት ሊያወራ አይገባውም።

ያን ዕለት ከአለቃ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ተናገርሁ፤ እገዳውም ተነሣ። ከዚያም ወደ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጆቿ ከደጃፍ ቆመው ያዩኝ ነበር። «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለችኝ፤ ቡናም አፈላችልኝ፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ሰዓቴን ሳላይ ተቀመጥሁ። ሥራዋንም ቀጠለች። ይሁን እንጂ እኔ ወደ ሌላ ሥራ እስክዛወር ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ገንዘብ ባስረከበችኝ ቁጥር፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ሦስት ጊዜ ትቆጥረው ነበር።